አቤት ማለት የተዉ ልጆች

ሰዎች ተሰብስበው በልጅነታቸው ያስፈራቸውን ፊልም እያነሱ ሲሳሳቁ ስሰማ ደሜ ይፈላል። አንዱ አልጋ ሥር ገብቼ ነበር ይላል፤ ሌላው ሽንት ቤት ብቻዬን መሄድ ትቼ ነበር ይላል፤ ከዚያ ሁሉም ይንከተከታሉ። እኔ አልስቅም። የኔ ልጅ በአንድ ፊልም ምክንያት ስሟ ሲጠራ መመለስ ትታ ነበር። ያንን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ሐኪምም አይደለም፣ መምህርም አይደለም፣ ቄስም አይደለም። እኔ ነኝ።

ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ሬዲዮ መጠገን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተበላሸ ገዝቼ ፈታሁት፣ ገጠምኩት፣ እስኪናገር ድረስ ደግሜ ፈታሁት። እንግሊዝኛውንም የለቀምኩት ከዕቃ መመሪያ ወረቀት ላይ ነው። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ጅማ ውስጥ ቪዲዮ ቤት እንደ አሸን ሲፈላ፣ የካሴት ማጫወቻውን፣ ዴኩን፣ ከፍቶ ውስጡን የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ብቻ ስል ብቻ ማለቴ ነው። አዲስ አበባ ተምሬ መጣሁ የሚል አንድ ጎረምሳ ነበር፤ የሰው ዴክ ገድሎ ገድሎ ሄደ። ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከሰኮሩ ሳይቀር በብርድ ልብስ ጠቅልለው እኔ ዘንድ ያመጡ ነበር።

ከቤታችን ብዙም ሳይርቅ፣ እዚሁ ጅማ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ በጥቁር ላስቲክ የተሸፈነ። ባለቤቱ ወጣት ነው። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ሲናገር እሱ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ በአማርኛ ያስተረጉማል፤ ሲያሰኘው ኦሮምኛ ይቀላቅልበታል። እንግሊዝኛው ከኔ አይበልጥም። ያልገባውን ከራሱ ይሞላል። ድምፅ መለወጥ ግን ይችልበታል፤ ይህን አልነፍገውም። አሮጊት ሲሆን አሮጊት ነው፣ ሕፃን ሲሆን ሕፃን።

ፊልሙ ስለ አንድ የሞተ አናጺ ነው። በሕይወት ሳለ የመንደሩን በሮች ሁሉ የሠራው እሱ ነበር። ከተቀበረ በኋላ ከበር ወደ በር እየዞረ ይጣራል። የሚጣራው በራሱ ድምፅ አይደለም፤ በእናትህ ወይም በአባትህ ድምፅ ነው። ራሱ አይታይም፤ ጥላው ብቻ በበሩ ሥር ይገባል። ከውስጥ የመለሰለት ሰው ጠዋት አፉን ከፍቶ ደርቆ ይገኛል፤ በማግስቱ አናጺው በሟቹ ድምፅ ሌላውን ቤት ይጠራል። ፈረንጆቹ ሲጠሩ በራሳቸው ቋንቋ ነበር የሚመልሱት። ያ ወጣት ግን ለእያንዳንዱ ሟች "አቤት!" አለለት። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። የኛ ልጅ ቤት ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚላትን ቃል ወስዶ መሞቻ አደረጋት።

ልጄ ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበረች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከሰፈር ልጆች ጋር ገባች። ፊልሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ እንደሷ ያለች አንዲት ትንሽ ልጅ ከበር ጀርባ ቆማለች፤ ከውጭ የአባቷ ድምፅ ስሟን ይጠራል፤ ልጅቷ አፏን ስትከፍት ከበሮና እልልታ መጣ! ድንኳን ውስጥ ሙሽራና ሚዜ ይጨፍራሉ። የካሴቱን መጨረሻ አንድ ግዴለሽ ሰው ሰርግ ቀድቶበታል። ባለቤቱም ስቆ አጠፋው። "አለቀ፣ ውጡ!" ብሎ ልጆቹን እንደዚያ እንደደነገጡ ወደ ፀሐይ ለቀቃቸው።

ከዚያ ቀን ወዲያ ከሥራ ቦታዬ ሆኜ ስጠራት አትመልስም። መጀመሪያ ብልግና መስሎኝ ተቆጣሁ። ገብቼ ሳያት ጥግ ይዛ፣ አፏን በሁለት እጇ አፍናለች። በር ሳንኳኳ በመስኮት ፊቴን አይታ ነው የምትከፍተው፤ ያውም ቃል ሳትተነፍስ። የገዛ ልጄ! ድምፄን ሰምታ የምትንቀጠቀጥ! ለአክስቷ ሰርግ ልብስ ተሰፍቶላት ነበር፤ ከበሮ አልሰማም ብላ ቀረች።

እሷ ብቻ ብትሆን አንድ ነገር ነው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አቤት ማለት ተወ። ወላጆች ደግሞ ምን አደረጉ? ገረፉ። "ልጆቹ ባለጉ፣ ሰው ሲጠራቸው ይዘጉታል" እያሉ። አንዷ ጎረቤታችን "ጂኒ ነው፣ ወላሂ" አለች። ባለቤቴ ልጃችንን ጸበል ወሰደቻት። ጸበል ላይ ምንም ክፉ ነገር የለኝም፤ ግን ቄሱ ስሟን ሲጠሯት ለእሳቸውም አልመለሰች። ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ ዝም ስለምትል፣ መምህሯ እያያት ቀሪ ያደርጋት ነበር። ጠርቶኝ "አቤት ካላለች ከነገ ወዲያ አልቀበላትም" አለኝ።

"አፍንጫህ ሥር ተቀምጣ እንዴት ቀሪ ትሆናለች?" አልኩት።

"ሥርዓት ነው፣ ጋሼ።"

ሥርዓት! ይህን ቃል ስሰማ እስከ ዛሬ ጥርሴ ይፋጫል።

ቤት ገብቼ ፊቴን እንድታየው ከፊት ለፊቷ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። "ምን ሆነሽብኝ ነው?" አልኳት። በሹክሹክታ፣ "ልጅቷ መለሰች? ወይስ አልመለሰችም?" አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። ልጄ ከዚያ ቪዲዮ ቤት አልወጣችም። እስካሁን ከበሩ ጀርባ ቆማለች። ያቺ ልጅ ምን እንደሆነች ካላወቀች የምትገባበትም የምትወጣበትም የለም። ወዲያው የቪዲዮ ቤቱን በር ገፍቼ ስገባ ባለቤቱ አግዳሚ ላይ ተጋድሞ ጫት ይቅማል።

"መጨረሻውን አምጣ!"

"የምን መጨረሻ፣ ጋሼ?"

"የአናጺውን።"

"እኔም አላየሁት። ካሴቱ ከመጣ ጀምሮ ሰርግ ነው ያለበት፤ ከሰኮሩ ነው የተዋስኩት።" ሳቀ። "ሙሽሪት ግን ቆንጆ ናት፤ አላዩአትም?"

"ዴክህን ነቅዬ ጊቤ ወንዝ ነው የምከተው! ሞቶ ያስነሳሁልህ እኔ መሆኔን ረሳኸው?"

ተነስቶ ተቀመጠ። "ማሎ፣ እባክዎ ጋሼ፣ ይረጋጉ። ሙሉው ሊሙ ገነት አለ ይባላል። ለቡና ለቃሚዎች የምታሳይ ሴትዮ አለች።"

በማግስቱ ጆንያ የጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፍሬ ወጣሁ። የለቀማ ወቅት ነው፤ መንገዱ ጭቃ፣ አገሩ ሁሉ የእሸት ቡና ገለባ ይሸታል። ሴትዮዋን አላጣኋትም፤ ዴኳን ሁለት ጊዜ ጠግኜላት ስለነበር በጣም አከበረችኝ። የመጣሁበትን ስነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ።

"ዺሲ፣ ተወው ጋሼ። ይሄ መጨረሻ አይረዳህም።"

"ለምን?"

"እዚህ ሙሉውን ነው ያየነው። ለቃሚዎቹ ቡናው ውስጥ ሲገቡ እንዳይጠፋፉ ይጠራራሉ አይደል? አሁን የሚጠራ እንጂ የሚመልስ የለም። ትናንት አንዲቱን ስንፈልጋት ዋልን፤ አጠገባችን ዛፍ ሥር ሆና ስትሰማን ነበር።"

"አሳዪኝ" አልኩ። በቀን ብርሃን፣ በሩን ከፍቼ፣ ብቻዬን ተቀምጬ አየሁት። ልጅቷ አልመለሰችም። አናጺው በሠራው በር ሁሉ ሥር ስሙን ይቀርጽ ስለነበር፣ ጎንበስ ብላ ጥላው የተዘረጋበት ቦታ ላይ ስሙን አነበበች። ከዚያ እሷ ጠራችው። በሙሉ ስሙ። ሙት በሙሉ ስሙ ከተጠራ መመለስ አለበት፤ የመለሰ ደግሞ ይጠፋል፤ የራሱ ሕግ ነው። መለሰና በገዛ ሕጉ ጠፋ። ነጋ። ቤተሰቡ ቁርስ ሊበላ ተቀመጠ፤ ፀሐይ ገበታው ላይ አረፈች። ደስ አለኝ፤ ከወንበሬ ልነሳ ነበር። በዚህ መሐል ከውጭ የእናቲቱ ድምፅ ልጅቷን ጠራ። እናቲቱ ግን ገበታው ላይ ናት። ልጅቷ ዳቦዋን እንደያዘች ዞራ አፏን ከፈተች፤ ጨለመ፤ አለቀ።

እኔ በሕይወቴ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ የማልፈራ ሰው ነኝ። ጀርባዬ ግን በረደኝ። ወዲያው ደግሞ እንደ እሳት ነደድኩ። ይህን የሠራ ሰው ልጅ የለውም? ልጅቷን ከበሩ አውጥቶ፣ አጥግቦ፣ ፀሐይ አሙቆ፣ ልክ እፎይ ስትል መልሶ የሚከት ምን ዓይነት አንጀት ነው? ለምን? ሁለተኛ ፊልም ሊሸጥልን!

"ካቻቪቴ አለሽ?" አልኳት ሴትዮዋን። ስታቀብለኝ "ምላጭና ፕላስተርም አምጪ" አልኩ።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ላስተካክለው።"

"ማሎ! ፊልም እንዴት ይቆረጣል? ባለቤቱስ?"

"ባለቤቱ ይምጣና ይክሰሰኝ። ሊሙ ድረስ ይምጣ።"

ሳቀች፤ ከዚያ ለቃሚዎቿ ትዝ አሏት መሰለኝ "ቁረጠው" አለች። የቪዲዮን ክር ቆርጦ መቀጠል እንደ ሬዲዮ ካሴት ቀላል አይደለም። መገናኛው ትንሽ ከተዛነፈ የዴኩን ሄድ፣ ክሩን የሚያነበውን ክፍል፣ ይቧጥጠዋል። በመጀመሪያ በማይረባ ካሴት ሞከርኩ። ከዚያ ፀሐይዋ ገበታው ላይ ካረፈችበት ጀምሮ ድምፁ እስከሚጣራበትና እስከ ጨለማው ያለውን ከክንዴ የሚረዝም ክር ቆርጬ አወጣሁ፤ ሁለቱን ጫፎች በጀርባ በኩል በፕላስተር ገጠምኩ። ስናጫውተው መገናኛው ላይ ዓይን እንደመጨፈን ያለ ብልጭታ ብቻ ታየ፤ ወዲያው የተዋንያኑ ስም ዝርዝር መውረድ ጀመረ። የቆረጥኩትን ምድጃዋ ውስጥ ጣልኩት፤ ተኮማትሮ ነደደ። ካሴቱን ለሳምንት አዋሰችኝ።

ቅዳሜ ያንን ወጣት ላስቲኩን ከመስኮት አስነሳሁት፤ በሩንም አስከፈትኩት። ወላጆችን እየዞርኩ "ልጆቻችሁን ይዛችሁ ግቡ፣ የምትገርፉ እጃችሁን ኪሳችሁ ክተቱ" አልኩ። አንዱ "አንተ ሰውዬ፣ ባስፈራቸው ልታድናቸው ነው?" ብሎ ተሳለቀብኝ። ዝም በል አልኩት። ልጄ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ፊቷን ቀብራ ገባች።

የፊልሙ ልጅ ከበሩ ጀርባ ደረሰች። አጎንብሳ አነበበች። ስሙን ጠራች። ያ ወጣት ለአንድ ጊዜ እንኳን ደህና ነገር ሠራ፤ ከሆዱ ባወጣው የተሸነፈ ድምፅ "አ...ቤት" አለ፣ አናጺውን ሆኖ። ጥላው ከበሩ ሥር ሲጠፋ ልጆቹ አግዳሚው ላይ ዘለሉ፤ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ነጋ፣ ቁርስ ቀረበ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ብልጭ አለ፣ አለቀ። ልጆቹ መንገዱን ሞልተው ስም ለስም እየተጠራሩ "አቤት! አቤት!" ሲባባሉ ዋሉ። ልጄ ከፊቴ ትሮጥ ነበር። ጠራኋት። ወደ ኋላዋ ሳትዞር፣ ፊቴን ሳታይ፣ "አቤት!" አለች። ሰኞ ክፍሏም ገባች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ልጄ አደገች፣ ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገባች። አንድ ቀን ደወለች። ሰላምታ የለም።

"አባባ፣ እርስዎ ነዎት የቆረጡት?"

"ምኑን?"

"የአናጺውን መጨረሻ። ጓደኞቼ ኮምፒውተር ላይ ሲያዩት፣ ቁርስ ሲበሉ ነው የሚያልቀው ብዬ ተከራከርኩ። ሳቁብኝ። አላለቀም፣ አባባ! እናቷ ተቀምጣ እናቷ ትጠራታለች!"

"እኔ ነኝ የቆረጥኩት።"

"ዋሹኝ ማለት ነው።"

"አዳንኩሽ እንጂ!"

"ይሄን ሁሉ ዓመት አልቋል ብዬ ነው የኖርኩት። ሌላው የነገሩኝስ? እሱንስ የት የት ቦታ ላይ ነው የቆረጡት?"

ጮህኩባት። እሷም ጮኸች። እርስዎ ማለቱን ሳትተው ነው የጮኸችው፤ ይህ የበለጠ አንጀቴን አቃጠለው። "አንቺ ያኔ አፍሽን አፍነሽ ጥግ ስትቀመጪ አላየሽውም፤ ያየሁት እኔ ነኝ" ብዬ ሳልጨርስ ዘጋችው።

ለክረምት ዕረፍት ስትመጣም አላነጋገረችኝም። እናቷን ሳመች፣ ሻንጣዋን አስገባች፣ ጓሮ ልብሷን ልታጥብ ወጣች። እኔ ሥራ ቦታዬ የአንድ ቴሌቪዥን ሆድ ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ልጠይቃት የምፈልገው ነገር አልነበረም። ስሟን ጠራሁ። መልስ የለም። ውኃው ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል፤ ሰምታኛለች። ካቻቪቴውን አስቀመጥኩ። ደግሜ ጠራሁ። ውኃው ቆመ። አሁንም ዝም። ያቺ ጥግ የያዘች ልጅ ዓይኔ ላይ መጣችብኝ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ከዚያ በር ጀርባ ቆማ፣ አሁን ምላጭም ፕላስተርም የማይደርስላት። ይቅርታ ልበል? አልልም። ያ ካሴት ዛሬ እጄ ላይ ቢወድቅ ዛሬም እቆርጠዋለሁ።

ለሦስተኛ ጊዜ ጠራኋት፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ጎረቤት እስኪሰማ።

"አቤት!"

በቁጣ ነው ያለችው፤ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ እስኪደነግጥ። ግን አለች።