ከጭድ ተራ ጀርባ የተሸፈነው ቴሌቪዥን

ረቡዕ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት፤ አራት ኪሎ

ላንድሮቨሩ በብርዱ አልነሳ ብሎ የትምህርት በቴሌቪዥን መሥሪያ ቤታችን ሾፌር ጋሼ ወርቁ የሞተር ማስነሻውን ማኒቬላ ሦስት ጊዜ አዞሩት። ቦርሳዬ ውስጥ ከመርካቶ የመጣ ደብዳቤ አለ። የአንድ ትምህርት ቤት ዲሬክተር የጻፉት ነው፤ «የስድስተኛ ክፍል የሳይንስ አስተማሪ መምህር ደስታ የተሰጠንን ቴሌቪዥን አልከፍትም ስላሉ ሌላ ሰው ይላክልን» ይላል። አለቃዬም ሲያሰናብቱኝ «እምቢ ካሉ ጻፍባቸው፤ ከሥራቸው ይነሳሉ» ብለውኛል።

ቴሌቪዥኑን ከሁለት ሳምንት በፊት የተከልሁት እኔ ነኝ። አንቴናውን ጣሪያ ላይ ሰቀልሁ፤ መክፈቻና መዝጊያውን ለመምህሩ አሳየሁ፤ አስፈርሜ ወጣሁ። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም።

አንድ ሰዓት፤ አትክልት ተራ

ጎመንና ቃሪያ የጫኑ መኪኖች መንገዱን ዘግተውታል። ጭቃው በጥቅል ጎመን ቅጠል ተሸፍኗል። ጋሼ ወርቁ ክላክስ ማድረግ ሲሰለቻቸው የስሙኒ ሙዝ ገዝተን እዚያው ተቀምጠን በላን።

«ሰውየው ስንት ዓመት አስተማሩ?» አሉኝ።

«ሃያ ይሆናል።»

«ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው ለአንድ ሣጥን ብለው ሊያነሱት?»

ደብዳቤውን አውጥቼ እንደገና አነበብሁት።

ሁለት ሰዓት፤ ጎጃም በረንዳ

የማርና የቅቤ ሽታ ከየመጋዘኑ ይወጣል። ተሸካሚዎች የጤፍ ጆንያ በጀርባቸው አዝለው «ዞር በል!» እያሉ ያልፋሉ። ወደ ጭድ ተራ ስንታጠፍ አህዮቹ ከነጭዳቸው መንገዱን ስለሞሉት ወርጄ በእግሬ ገባሁ።

ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ትምህርት ቤቱ

መምህር ደስታ ቀጭን፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ የኮታቸው ክርን የተጣፈ ሰው ናቸው። ቴሌቪዥኑን ነጭ ጨርቅ አልብሰውታል።

«ለምን አልከፍትም አሉ፣ መምህር?»

«ከፍቼው ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «በቴሌቪዥኑ የሚያስተምሩት ሰውዬ ስለ አየር ግፊት ተናገሩና ‹አሁን መምህራችሁ ባዘጋጁት ብርጭቆ ያሳዩአችኋል› ብለው ዝም አሉ። ስልሳ ልጅ ዞሮ አየኝ። ምን ብርጭቆ? ማን ነግሮኝ? ባዶ እጄን ቆምሁ። ከኋላ ሳቁብኝ። እንዲያ ተስቆብኝ አያውቅም።»

«የመምህሩን መምሪያ አላነበቡትም?»

«የምን መምሪያ?»

ፊቴ ጋለ። ከእያንዳንዱ ትምህርት በፊት ለአስተማሪው የሚደርስ፣ ምን እንደሚባልና ምን መዘጋጀት እንዳለበት የሚነግር ትንሽ መጽሐፍ አለ። ማድረስ የእኔ ሥራ ነበር። ቴሌቪዥኑን ለመትከል ስቸኩል «በኋላ ይደርሳል» ብዬ ዕቃ ግምጃ ቤት ትቼው ረስቼዋለሁ። ለሪፖርቴ እንዲረዳኝ የያዝሁትን አንዱን ቅጂ ከቦርሳዬ አወጣሁት።

«መምህር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኋቸው።

መጽሐፉን ተቀብለው ገለጥ ገለጥ አደረጉት። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር።

«እንግዲያስ ይቀመጡና አብረን እናንብበው» አሉኝ።

ያው ትምህርት ዛሬ በአራት ሰዓት በቴሌቪዥን ይደገማል። ከጎረቤት ሻይ ቤት ብርጭቆ ተውሰን፣ ውኃ ሞልተን፣ አፉን በወረቀት ከድነን መገልበጥ ሞከርን። መጀመሪያ ውኃው ኮታቸው ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲሁ። በአራተኛው ያዘ።

አራት ሰዓት፤ ክፍል ውስጥ

ዲሬክተሩ በር ላይ ቆመዋል። ቴሌቪዥኑ ተናግሮ ዝም ሲል ልጆቹ ዞሩ። መምህር ደስታ ተነሡ።

«ባለፈው ያላሳየኋችሁ ስላላወቅሁ ነው» አሉ። «ዛሬ ተምሬ መጥቻለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ብርጭቆውን በወረቀት ከድነው ገለበጡት፤ ከሥር የደገፉበትን እጃቸውን አነሡ። ውኃው አልፈሰሰም። ፊት የተቀመጠች ልጅ ብድግ አለች።

«መምህር፣ ምን ያዘው?»

«በዙሪያችን ያለው አየር ነው፣ ልጄ። ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል» አሉና የተገለበጠውን ብርጭቆ ይዘው በዴስኮቹ መካከል ለእያንዳንዱ ልጅ እያሳዩ ሄዱ።

ዲሬክተሩ ወደ ውጭ ጠሩኝ። «ሳልጠይቃቸው ነው የጻፍሁት። ደብዳቤዬን ይመልሱልኝ» አሉ።

«መዝገብ ገብቷል» አልኋቸው። «ከሥሩ የእኔ ጥፋት ይጻፋል።»

ሰባት ሰዓት፤ መሥሪያ ቤት

አለቃዬ ሪፖርቴን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ይህ ማኅደርህ ውስጥ እንደሚቀመጥ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

ወጥቼ ግምጃ ቤቱን ከፈትሁ። መምሪያዎቹ በሲባጎ እንደታሰሩ አቧራ ለብሰዋል፤ በየጥቅሉ ላይ የአንድ ትምህርት ቤት ስም አለ። በእነዚያ ሁሉ ክፍሎች ስንት መምህር ባዶ እጁን እንደቆመ አላውቅም። የቻልሁትን ያህል አቅፌ ወደ ግቢው ሮጥሁ።

«ጋሼ ወርቁ!» አልሁ። «ሞተሩን ያስነሡት።»