አባቴ የተሸከመው ድንጋይ

በጳጉሜን የሩፋኤል ዕለት ዝናብ ሲጥል የፎቃችን ልጆች ልብሳቸውን እየወረወሩ ወደ ግቢው ይሮጣሉ፤ እኔም አላስችል ይለኝና ጎረቤት ሳያየኝ ሳፋዬን በረንዳ ላይ አወጣለሁ። ጠበል ነው፣ ሰማይ የሚከፈትበት ቀን ነው እየተባልኩ ስላደግሁ በዚህ ዕድሜዬ እንኳ ያ ውሃ በከንቱ ሲፈስ ማየት አልወድም። ዘንድሮ ግን ሳፋውን አስቀምጬ ቀና ስል፣ ከፊት ለፊታችን ለግንብ ከተራገፈው ክምር የእርጥብ ድንጋይ ሽታ መጣና ባለሁበት አስቀረኝ። ያንን ሽታ የማውቀው ከአስመራ ነው።

አባቴ ከጎጃም የመጣ የንጉሡ ጦር ሻምበል ነበር፣ እናቴ ደግሞ ዓባ ሻውል የሚባለው የአስመራ ሰፈር ልጅ። ሲጋቡ ሁለቱም ወገን አኩርፎ ነበር አሉ፤ የጎጃሞቹ መረብን ተሻግሮ ምን አገኘ ብለው፣ የዓባ ሻውሎቹ ወታደር ነው ብለው። የእናቴ አባት ግን፣ እኛ አቦሓጎይ የምንለው አያቴ፣ ሰውን በአበላሉ የሚወድ ግንበኛ ነበርና ቶሎ ተሸነፈ። ቅዳሜ ቅዳሜ አማችና አማት አንድ ትሪ ላይ ቀርበው አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሲሰባብር እናቴ እንባዋ እስኪወርድ ትስቅ ነበር። ጥራቮሎ ሰፈር ከነበረው ቤታችን ተነስተን ወደዚያ የምንሄድበትን ቀን እንደ በዓል እጠብቀው ነበር።

አጎቴ ሃብቶም፣ የእናቴ ወንድም፣ ከቤት ወጥቶ በረሃ ካሉት ሸማቂዎች ጋር ሲቀላቀል ያ ሁሉ ቀረ። የአያቴ ቤት ይፈተሽ ተባለ፤ የዓባ ሻውል መተላለፊያ ደግሞ እንኳን ለእንግዳ ለኗሪውም ያደናግራል፣ ስለዚህ ወታደሮቹን እየመራ እንዲሄድ የታዘዘው አባቴ ነበር። መራቸው። እሱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ቀረ፤ አልገባም፣ አላስቆማቸውም። እነሱ ወለሉን ቆፍረው፣ እህሉን በትነው፣ አያቴን በገዛ ግንቡ ላይ አስደግፈው ሲፈትሹ እሱ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር አሉ።

ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት ወሬ ሁሉ በእኔ በኩል ሆነ። እናቴ «ለአባትሽ ምሳ ቀርቧል በይው» ትለኛለች፣ አባቴ እዚያው አጠገቧ ቁጭ ብሎ «መጣሁ በያት» ይለኛል፣ እኔም እውነተኛ ሥራ የያዝኩ መስሎኝ እየተመላለስኩ አደርስ ነበር። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ግን እናቴ ያለ እኔ አማላጅነት ፊት ለፊት ነገረችው። የተጋቡት በሰማንያ ነው፤ አዲሱን ዓመት ንስሐ ገብተን፣ ሥጋ ወደሙን አብረን ተቀብለን ካልጀመርነው እኔ ልጄን ይዤ አባቴ ቤት ነኝ አለችው። አባቴ አልተቆጣም። ወደ ነፍስ አባታችን ሄደ፤ ቄሱም ከአማትህ ሳትታረቅ ቁርባን የለም፣ ወግህን ታውቃለህ አሉት።

ወጉ ድንጋይ በጫንቃ ተሸክሞ በበደሉት ሰው ደጅ መቆም ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ ወታደር ብቻውን ዓባ ሻውል አይገባም፤ ገብቶ ያልወጣ ነበረና። አባቴ በሩፋኤል ዕለት ሽጉጡንም የደንብ ልብሱንም አውልቆ ነጠላ ሲያጣፋ እናቴ ከግቢያችን አንዲት ቀለል ያለች ድንጋይ መረጠችለት። አየት አደረጋትና «አባትሽ ግንበኛ ነው፣ በዓይኑ ነው የሚመዝነው» ብሎ ትልቁን ጥቁር ድንጋይ አነሳ።

ቄሱ ከፊት፣ አባቴ ለጥቆ፣ እኔና እናቴ ከኋላ ሆነን ሰፈሩ ስንገባ ዝናቡ ወረደ። በየደጁ ራቁታቸውን በጠበሉ የሚጨፍሩ ልጆች ነበሩ፤ አባቴን ሲያዩ ጸጥ አሉ፣ እናቶቻቸው ከነሳሙናቸው ጎትተው አስገቧቸውና በሮች ተራ በተራ ተዘጉ። በአንደኛው ማዕዘን ቆመው የነበሩ ወጣቶች አልገቡም። እጃቸው ኮታቸው ውስጥ ነበር። እናቴ ጣቶቼን እስኪያመኝ ጨብጣ ዳዊቷን ታነበንባለች፣ እኔ የአባቴን ጀርባ ብቻ አያለሁ፤ ነጠላው በስብሶ ቆዳው ላይ ተለጥፏል፣ ድንጋዩም ይሸታል። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

አያቴ በሩን ከፍቶ ወጣ። መጀመሪያ ያየው ድንጋዩን ነው።

«ሃብቶም ቢመጣ ትይዘዋለህ ዶ?» አለው፣ አማርኛውን በትግርኛ ቋጭቶ።

አባቴ ድንጋዩን በጫንቃው ላይ አመቻቸ። ቄሱ ተቁነጠነጡ። አይሆንም፣ አልይዘውም ቢል ሁላችንም በተገላገልን ነበር።

«አላውቅም፣ አቦይ» አለ።

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። አያቴ ግን ቀርቦ በሁለት እጁ ድንጋዩን ከጫንቃው አወረደና ከደጃፉ አጠገብ አስቀመጠው።

«ኣነስ ይቕረ ኢለካ ኣለኹ» አለ፤ እኔስ ይቅር ብዬሃለሁ ማለቱ ነው። ቀጥሎ በአማርኛ፣ ሰባብሮ፣ «የሃብቶም ይቅርታ ግን የእኔ አይደለም። ድንጋዩ እዚህ ይቆይ። መጥቶ፣ አይቶ፣ እሱ ያንሳው» አለ። ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። ከማዕዘኑ ወጣቶቹ ሄደው ነበር።

በቅዱስ ዮሐንስ ማለዳ አባቴና እናቴ አብረው ቆረቡ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በእግር ተመለሱ፤ ቤት ሲገቡ ፊት ለፊት ይነጋገሩ ጀመር፣ እኔ ግን በዚያ ቀን መልእክት የሚሰጠኝ ስላጣሁ ሥራዬን የተቀማሁ ያህል ከፋኝ።

አባቴ ወደ ሐረር ተዛወረና ያቺን ከተማ ሳንጠግባት ተለየናት። አርጅቶ አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ ከዚያ አገር ሰው ባገኘ ቁጥር የሚጠይቀው ስለ ሃብቶም ብቻ ነበር፣ መልሱን ሳይሰማ ሞተ። ወደ አስመራ መንገዱ ተከፍቶ በነበረበት አጭር ጊዜ እኔ ሄድኩ። አጎቴ ገና በወጣትነቱ በረሃ ወድቆ መቅረቱን እዚያ ሰማሁ።

በአያቴ ደጃፍ አንዲት ተከራይ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ማን መሆኔን ስነግራት ተነሳችልኝና አቦይ «ልጄ ሳይመጣ እንዳታነሱት» ብለው ነበር፣ ለምን እንደሆነ ግን አናውቅም አለችኝ። ጎንበስ ብዬ እጆቼን ከሥሩ ሰድጄ ላነሳው ታገልኩ። ንቅንቅ አላለም።