ማሰሮ የማይሸጥበት ቦታ

«መከባበር ባህላችን ነው» ተብሎ በተጻፈበት የትምህርት ቤት አጥር ሥር አንዲት ሸክላ ሠሪ ማሰሮዎቻቸውን ደርድረው ይቀመጣሉ። የእንጅባራ ገበያ ወዲያ ታች ነው፤ እዚህ ማሰሮ የሚገዛ የለም።

«ለምን ገበያ አይወርዱም?» ብላቸው፣ «እዚህ ጥላ አለው» አሉኝ። ፀሐዩ አናታችንን ይበሳል።

የመውጫው ደወል ሲደወል ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናነቡ። ተማሪዎቹ ወጡ። «ቡዳዋ እንዳትበላችሁ!» አለ አንዱ፤ ጓደኞቹ ሳቁ። ጥፍሯ ሥር እንደ ሴትዮዋ የሸክላ ጭቃ የደረቀባት አንዲት ልጅም አብራ ሳቀች። ሴትዮዋ ልጅቷ ማዞሪያውን እስክታልፍ ድረስ በዓይናቸው ሸኟት።

«ልጅ አለዎት?» አልኳቸው።

«የለኝም» አሉ ቶሎ ብለው። «እሷንም እንዳትጠይቃት።»