የስፓኒሿ አያት ምን አለች?

ባለፈው ማክሰኞ ከወገዳ ደብረ ታቦር በሚሄድ ሚኒባስ ወደ ንፋስ መውጫ ስንሄድ አርብ ገበያ ላይ ቆምን። ከፊታችን መንገዱን ናዳ ዘግቶታል ተባለ... ዝናቡም ደጅ አያስወጣም። የሚኒባሱ ሰው በሙሉ አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት ውስጥ ታጨቅን።

ባለቤቱ እንዳይሰለቸን ብሎ ቴሌቪዥኑ ላይ ፍላሽ ሰካና አንድ የድሮ ዘጋቢ ፊልም ከፈተ። ቀለሙ የደበዘዘ ነው። አሜሪካ ስለሚኖሩ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች በእንግሊዝኛ ያወራል... ቁጥራቸው እንዴት እንደጨመረ፣ ሰፈሩ እንዴት እንደተለወጠ። ሾፌራችን መምህር መሆኔን ያውቃልና እንድተረጉም ጠየቀኝ። የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው ብልም የሰማኝ የለም። በሩን ሰው ሞልቶታል፣ ውጭው ዝናብ... የት ልሂድ?

እንደምንም ጀመርኩ። ያልገባኝን እየዘለልኩ፣ አንዳንዱን ከራሴ እየጨመርኩ።

ከዚያ አንዲት አሮጊት ታየች። የምታወራው በስፓኒሽ ነው፤ ከስር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው። የልጅ ልጆቿ ቋንቋዋን አያውቁም። ታበላቸዋለች እንጂ ምንም ልትነግራቸው አትችልም። ሰው ሁሉ አፌን ሲያይ ጨነቀኝና፣ «ከልጅ ልጆቼ ጋር ደስ ብሎኝ እኖራለሁ ትላለች» አልኩ።

አጠገቤ የተቀመጡት፣ እማማ ጥሩ የሚባሉት ተሳፋሪ፣ ጉልበቴን ያዝ አደረጉኝ።

«ፊቷ እንዲያ አይልም፣ ልጄ። እውነቱን ንገረኝ።»

ነገርኳቸው።

እሳቸውም የሚሄዱበትን ጉዳይ አወሩኝ። የልጅ ልጃቸውን ሊቀበሉ ነው። ቤሩት ተወልዳ ስድስት ዓመት ሆኗታል። እናቷ ለሥራ እዚያው ቀርታ፣ ወደ አገር ከምትመለስ ጓደኛዋ ጋር ልካታለች። ልጅቷ ከአረብኛ በቀር አታውቅም።

ከኋላችን የነበረች ከአረብ አገር የተመለሰች ወጣት ይህን ሰምታ ጠጋ አለች። ሦስት ቃል አስጠናቻቸው። «ተዓሊ» ነይ፣ «ቲታ» አያት፣ «ኩሊ» ብዪ። እማማ ኩሊ የሚባለው ተሸካሚ አይደለም ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ያ የታፈነ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንገዱ ተከፈተ። እማማ መንገዱን ሙሉ ሦስቱን ቃል እንደ ዳዊት ሲደግሙ ሄዱ።

ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ልጅቷ ያመጣቻትን የእናቷን ጓደኛ ቀሚስ ይዛ ቆማለች።

«ተዓሊ» አሏት እማማ።

ልጅቷ ወደ ኋላዋ ዞረች... የጠራት ሌላ ሰው መስሏት። እማማ ደረታቸውን መታ መታ አድርገው «ቲታ» አሉ። ሦስተኛው ቃል ግን ጠፋባቸው። ቢሉ ቢሉ አልመጣ ሲላቸው ከነጠላቸው ስር ዳቦ አውጥተው ሰጧት።

ልጅቷ አሸተተችው። ከዚያ ገመጠችው።

እኔ ቆሜ ሳያቸው፣ ሚኒባሱ ቦርሳዬን ይዞ ወደ ደብረ ታቦር ሄዷል።