ከወንዙ ማዶ የተተከለው መለኪያ

የአየር መለኪያ ቴክኒሻኗ በየማለዳው የጤና ጣቢያው ጣሪያ ላይ ትወጣለች። ትናንት ነጭ ሆኖ የገባውን ማጣሪያ ወረቀት ጥቀርሻ ጠጥቶ ታገኘዋለች፤ ፖስታ ውስጥ አሽጋ ቀኑን ትጽፍበታለች። ስድስት ዓመት እንዲህ ሠራች። ጭሱ ከወንዙ ማዶ፣ አሮጌ ጎማ ከሚያነዱት የጡብ ምድጃዎች እንደሚመጣ ያላወቀ ሰው አልነበረም። ማዶው ግን ሌላ ከተማ ነው። የዚህኛው ማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ በጻፈ ቁጥር የዚያኛው «የእኛ ጭስ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አላችሁ?» ብሎ ይመልሳል።

እናቷን ሳል አላስተኛ ካላቸው ቆይቷል። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ከእነዚያ ምድጃዎች በአንዱ እሳት አንዳጅ ነበር። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያስተማራት እሱ ነው።

ባለፈው ዓመት ሁለቱ ከንቲባዎች ተስማሙ፤ መለኪያ በሁለቱም ዳርቻ ይተከል፣ ውጤቱም በአንድ መዝገብ ይስፈር ተባለ። ማዶ ተሻግራ እንድትተክል የታዘዘችው እሷ ነች። ወንድሟ ደስታውን አልቻለውም፤ መሰላሉን ይዞላት ለጓደኞቹ «የእኛ ቤት ኢንጂነር» እያለ አስተዋወቃት። ለምን እንደመጣች ስትነግረውም «ሥራሽ አይደል፣ ትከዪዋ» አላት።

ውጤቱ የሚያከራክር አልነበረም። በሦስተኛው ወር ምድጃዎቹ በማዶው ማዘጋጃ ቤት ትዕዛዝ ተዘጉ።

ከተዘጉ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ወንድሟ እሷና እናታቸው ወደሚኖሩበት ቤት መጣ።

«ጋሼ፣ አለቆቼ ለባለቤቶቹ ነዳጅ እስኪቀይሩ ጊዜ ይሰጣቸዋል ብለውኝ ነበር» አለችው።

«ባለቤቶቹማ መች መላ አጡ። ምድጃቸውን ነቅለው፣ ወንዙን ተከትለው ወደ ላይኛው ከተማ ሄዱ። እዚያ ጠያቂ የለባቸውም።»

«አንተስ?»

«ከእሳት ሌላ ምን አውቃለሁ? ተከትያቸው እሄዳለሁ።»

እናታቸው ከተኙበት ክፍል ድምፅ አይሰማም። ጆሮውን ጣል አደረገ።

«እማዬ አላሳለችም» አለ።

«ከተሻላት ሁለት ሳምንት ሆናት።»

ራሱን ነቀነቀ። እንዳልተቀየማት ነገራት፤ ሲወጣ ግን አልሳማትም።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ አለቃዋ አስጠሯትና የላይኛውም ከተማ ስምምነቱን እንደፈረመ፣ መሣሪያ ይዛ እንድትሄድ ነገሯት። ሌላ ሰው እንዲልኩ ለመነቻቸው። ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበራቸውም።

ለወንድሟ ደወለች።

«ሐሙስ እመጣለሁ፣ ጋሼ።»

«ልትጠይቂኝ ነው ወይስ ለሥራ?»

«ለሥራ።»

ከኋላው ጡብ ሲራገፍ ይሰማል።

«እሺ» አለና ስልኩን ዘጋው።