ማንም ያልጠየቃቸውን የመለሱ ሰው

አቶ ቢያድግልኝ እንግዳ በግንቦት ልደታ ዕለት፣ ከማንኩሳ በእግር አንድ ሰዓት ያህል በሚያስኬደው መንደራቸው፣ በመኖሪያ ቤታቸው ዐርፈዋል። እኔ የሰማሁት በማግስቱ፣ ፍኖተ ሰላም በሚገኘው ቤቴ ሳለሁ ነው። መንገዱ በዚያ ሳምንት ተዘግቶ ስለነበር ለቀብራቸው አልደረስሁም። አርባቸው ሲወጣ ግን ተገኝቻለሁ። በዚያም ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩሰው ከሰው ለይተው ጠሩኝና፣ «አንተ ብዕር ይዘህ የኖርህ ሰው ነህ፤ ለሚያውቋቸው ሁሉ አንድ ነገር ጻፍላቸው» አሉኝ። የምጽፈው የእርሳቸውን ደግነት ብቻ ሳይሆን የእኔንም ጥፋት ከሆነ እንደምጽፍ ነገርኋቸው። «እሱኑ እንድትጽፍ አይደል የጠየቅሁህ» ሲሉ መለሱልኝ።

ከአቶ ቢያድግልኝ ጋር ያገናኘኝ የመንግሥት ሥራ ነው። እስከ ጡረታዬ ድረስ በወረዳ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት፣ በመጀመሪያ በቀያሽነት፣ ኋላም በኃላፊነት አገልግያለሁ። የገበሬው ይዞታ ለመጀመሪያ ጊዜ በገመድ ተለክቶ በደብተር ሲመዘገብ የእርሳቸው ቀበሌ ለእኔ ደረሰኝ። ማደሪያ የሰጡኝ እርሳቸው ነበሩ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ በቤታቸው ከረምሁ። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ «አያ» እላቸው ነበር፤ እርሳቸውም «አንተ» ይሉኝ ነበር። ማታ ከልኬታ ስመለስ በሬዎቻቸውን አስገብተው፣ እርፍና ቀንበሩን ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ ደጃፍ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር።

«ዛሬስ ማንን አስቀየምህ?»

«ማንንም፣ አያ። ሁሉም ፈርመዋል።»

«መፈረምና አለመቀየም አንድ ነው?»

ይህን እንደ ጨዋታ ነበር የምወስደው። ወጣት ነበርሁ፤ ፊርማ ካለ ሁሉ ነገር አለ ብዬ አምን ነበር።

ወደ ቡሬ ገበያ በርበሬ ይዘው ሲወርዱ አንድ ጊዜ አብሬያቸው ሄጃለሁ። የሚገዛቸው ነጋዴ ሙስሊም ነበር፤ ለብዙ ዓመት ደንበኛቸው ነው። ጆንያውን ከማውረዳቸው፣ «ይኸኛውን ዝናብ መትቶታል፤ ከታች ሻግቷል» አሉት። ሰውየው በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። «አያ ቢያድግልኝ፣ አንድ ቀን እንኳ እኔው ፈትቼ ባገኘው ምን ነበረበት? ገበያው ሁሉ እየሰማ ነው እኮ፤ ነገ ሌላውም እንደ እርስዎ እንዲናገር ልጠብቅ ነው!» ሲል በዙሪያው የነበሩት ሣቁ። እርሳቸውም ሣቁ፤ የሻገተውን ጆንያ ግን ለብቻው አስቀመጡት። ጾማቸውንና ምጽዋታቸውን ከሰው ብቻ አይደለም፣ ከራሳቸውም ይሸሽጉ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ምን ያህል መልካም እንደሠሩ ጠይቆ መልስ ያገኘ ሰው አላውቅም።

አሁን ወደ ጥፋቴ እመጣለሁ።

የእርሳቸው ማሳ በምሥራቅ በኩል ከወይዘሮ ይታይሽ ማሳ ጋር ይዋሰናል። ወይዘሮ ይታይሽ ባሏ የሞተባት፣ ብቻዋን የምታርስ ሴት ናት። ልኬታው በደረሰ ቀን ቡሬ የታመመች እናቷን ልታስታምም ሄዳ አልነበረችም። መመሪያው አዋሳኞች በሙሉ በቦታው እንዲገኙ ያዝዛል። ዳመና ጠቁሯል፤ ገና ብዙ ማሳ ይቀረኛል። አያ ቢያድግልኝን ወሰናችሁ የት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። «እኔ የማውቀው ቦዩን ነው» አሉ፤ እውነታቸውን ነበር። በቦዩ ላይ ለካሁ። በቅጹም ላይ፣ በይታይሽ ስም አንጻር፣ «ተገኝታለች፤ አልተቃወመችም» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍሁ። በዚያ ቀን ከጻፍኋቸው ብዙ መስመሮች አንዱ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ አያ ቢያድግልኝ ከቦዩ ወዲህ፣ በእርሻቸው ውስጥ፣ ለጌሾ ተክል ጉድጓድ ሲቆፍሩ ዶማቸው ድንጋይ መታ። እየቆፈሩ አወጡት፤ በአባቶቻቸው ዘመን የተተከለ የወሰን ድንጋይ ነበር። ወደ ላይ ሄደው ሌላ ቆፈሩ፤ እርሱም ተገኘ። ቦዩ በጎርፍ ጊዜ መንገዱን ለውጦ ወደ ይታይሽ መሬት ገብቶ ኖሯል። በስፋቱ ዐሥራ አንድ እርምጃ የሚሆን፣ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ መሬት የእርሷ ሆኖ ሳለ በእርሳቸው ደብተር ተመዝግቧል። ይህን የሚያውቅ በምድር ላይ ከእርሳቸው በቀር ሰው አልነበረም። ባለቤቲቱ እንኳ አታውቅም።

በዚያው ቀን ሄደው ነገሯት። ይታይሽ ራሷ እንዳጫወተችኝ፣ በመጀመሪያ የተሰማት ፍርሃት ነበር።

«አያ፣ ምን በደልሁዎ?» አለቻቸው። «መሬት ልስጥሽ ብሎ ቤቴ የመጣ ሰው የለም። ከኋላው ምን አለ?»

«ከኋላው ድንጋይ አለ። ነይና እይው።»

አየችው፤ አመነችም። ከዚያች ዕለት ጀምሮ መሬቱን እርሷ አረሰችው። ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ በዚህ ባበቃ ነበር። አያ ቢያድግልኝ ግን ደብተራቸውን ይዘው ፍኖተ ሰላም፣ ቢሮዬ መጡ። «እኔ ስሞት ወረቀቱ አይሞትም። ልጆቼ ደብተሩን ይዘው ቢነሡባት ማን ይደርስላታል? አስተካክሉልኝ» አሉኝ። የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ ማለፉን፣ ቅሬታ ያቀረበም አለመኖሩን፣ በሕግ ባለ ይዞታው እርሳቸው መሆናቸውን አስረዳኋቸው። የነገርኋቸው ሁሉ ትክክል ነበር።

«ማንም አለመጠየቁ ለኔ መልስ ይሆነኛል?» አሉ።

ሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ መፍትሔ አዘጋጅቼ ጠበቅኋቸው። ኩራትም ተሰምቶኝ ነበር። በፈቃዳቸው ለወይዘሮ ይታይሽ በስጦታ እንዳስተላለፉላት ይጻፍ፤ እኔ ራሴ ጉዳዩን እስከ መጨረሻው እከታተላለሁ አልኋቸው።

«የራሷን እንዴት እሰጣታለሁ?» አሉኝ። «ስጦታ ብለህ ስትጽፍ እሷን ባለ ውለታ፣ እኔን ደግ ሰው ታደርገናለህ። ሁለቱም ውሸት ነው።»

ከዚህ ሌላ የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር። ልኬታው በስህተት መከናወኑን የለካው ባለሙያ በፊርማው ሲያረጋግጥ ምዝገባው ይታረማል። ባለሙያው እኔ ነኝ። አንዲት ያልነበረች ሴት ነበረች ብዬ መጻፌን ማመን ይኖርብኛል። በአገልግሎቴ ዘመን ሁሉ አንድም ውሳኔዬ አልተሻረም፤ በማኅደሬ ውስጥ አንዲት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አልነበረችም። ይህ ንጽሕና ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም። እያጣራን ነው፣ ተመልሰው ይምጡ አልኋቸው። ሦስተኛ ጊዜ በመጡ ጊዜ በቤታቸው «አንተ» ሲሉኝ የኖሩት ሰው፣ ከጠረጴዛዬ ማዶ ቆመው፣ «እርስዎ እንዳዘዙኝ መጥቻለሁ» አሉኝ። እንዲቀመጡ ብለምናቸውም አልተቀመጡም። ከዚያ ወዲያ አልመጡም። እኔም ጡረታ ወጣሁ። የሽኝቱ ዕለት እንከን የለሽ አገልግሎት የሚል የምስክር ወረቀት በመስታወት ተደርጎ ተሰጠኝ።

ባለቤቴ ቀደም ብላ ዐርፋለች፤ ልጆቼም ርቀው ይኖራሉ። በባዶ ቤት ሰው ከራሱ ጋር ብዙ ይነጋገራል። ባለፈው ዐቢይ ጾም መጀመሪያ ላይ አንድ እሑድ ማለዳ ተነሥቼ ወደ መንደራቸው ሄድሁ። ቅዳሴው አልተፈጸመም ነበር። አያ ቢያድግልኝን ያገኘኋቸው ግን ከቅጽሩ ውጪ፣ ከአንድ ወይራ ሥር፣ ብቻቸውን በበትራቸው ተደግፈው ቆመው ነው። እግራቸው አብጧል፤ ትንፋሻቸው አጥሯል። ሕዝቡ ውስጥ ነው፤ በዚያ ሰፊ መስክ ላይ ከእርሳቸው በቀር ሰው አይታይም። ከዚያ ሄጄ አጠገባቸው ቆምሁ። እጅ ነሣሁ፤ እጅ ነሡኝ።

ከቅጽሩ ውጪ የቆሙበትን ምክንያት ያወቅሁት በዚያው ዕለት፣ ቤታቸው ገብቼ፣ ከወይዘሮ ጥሩሰው ነው። ሁለቱ በሽምግልናቸው አብረው ሊቆርቡ ተስማምተው፣ ቀንም ቆርጠው ነበር። ድንጋዩ የተገኘው በዚያ ሰሞን ነው። መባውን ይዞ ከመሠዊያው ፊት የቆመ ሰው ወንድሙ የሚያዝንበት ነገር እንዳለው ካሰበ መባውን ትቶ አስቀድሞ ይታረቅ የሚለውን ቃል አያ ቢያድግልኝ በራሳቸው ላይ ቆጠሩት። የሴትየዋ መሬት በስሜ ሳለ አልቀርብም አሉ። ወይዘሮ ጥሩሰውም ያለ እርሳቸው ብቻቸውን መቅረብ አልፈለጉም።

«ሰውዬ፣ የሚቆርቡት ከኔ ጋር ነው ወይስ ከመንግሥት ወረቀት ጋር? ብዬ ስጠይቃቸው ይሥቃሉ» አሉኝ ወይዘሮ ጥሩሰው። ከዚያ ዐይናቸው እንባ ሞላ። «ልጃችን እንኳ፣ መንግሥት የሰጠንን እርስዎ ማን ነዎት የሚነሡን ብሎ ተቀይሞ ሽንዲ ከተማ ገባ። ለበዓል አይመጣም። ሦስት ዓመት ሆነን፤ እኔና እሳቸው ብቻ።»

ሦስት ዓመት። የማኅደሬን ንጽሕና ስጠብቅ ሁለት ሽማግሌዎችን ከቁርባን ከልክዬ ኖሬአለሁ። ሕግ አልጣስሁም፤ ያለመጣሴን ማስረጃ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ከዚህ የሚበልጥ ጽድቅ የሚጠየቅበት ቦታ እንዳለ በስብከት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። በሰው ላይ ሲፈጸም ያየሁት ግን በዚያ ቀን ነው።

በማግስቱ ቃሌን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ለቀድሞ መሥሪያ ቤቴ አቀረብሁ። የተቀበለኝ ወጣት ባለሙያ ሁለት ጊዜ አነበበውና፣ «ጋሼ፣ ራስዎን ለምን ይከሳሉ? ጡረታ ወጥተዋል፤ ይረፉ እንጂ» አለኝ። እንዲመዘግበው ጠየቅሁት፤ መዘገበው። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ መጠበቅ ሆነ። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ መንገድ ሲዘጋም ወደ ማሳው ሳይወጣ ቀረ። ሳምንታት አለፉ። የአያ ቢያድግልኝ እብጠት ወደ ላይ እየወጣ መሄዱን እሰማ ነበር። ወረቀቱ ሳይደርስ ቢሞቱስ? በዚያ ጾም ከዚህ ሌላ ጸሎት አልነበረኝም።

ፋሲካ አለፈ። በዚያው ሳምንት የነፍስ አባታቸው መምሬ ይኸይስ ወደ ቤታቸው መጡ፤ እኔም እዚያ ነበርሁ።

«ቢያድግልኝ፣ ከእንግዲህ በቃህ። ለእሑድ ተዘጋጁ» አሏቸው።

«ወረቀቱ ሳይመጣ፣ አባቴ?»

«መሬቱን መልሰሃል። ይህ ሰውም ቃሉን ሰጥቷል። የቀረው በእጅህ አይደለም።»

«ንጹሕ ሆኜ መቅረብ ነው የፈለግሁት።»

«እሱን ነው የምፈራልህ» አሉ መምሬ ይኸይስ። «ወረቀቱ ከመጣማ ንጹሕ ነኝ ብለህ ልትመጣ ነው። ንጹሕ ነኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ምን ሊቀበል ይመጣል?»

አያ ቢያድግልኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ስሰናበታቸው እጄን ያዙና እንዲህ አሉኝ፦ «ሕጉን አልፌ የሄድሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ሌላ ሕግ ሠርቼ እሱ ላይ ቆሜ ኖሬአለሁ። እጅ መዘርጋት አቃተኝ፤ አየህ፣ አንተ፣ ሁልጊዜ የምሰጠው እኔ ነበርሁ።» ከብዙ ዘመን በኋላ «አንተ» አሉኝ።

በዳግማይ ትንሣኤ ወይዘሮ ጥሩሰውና አቶ ቢያድግልኝ አብረው ቆረቡ። እርሳቸውን ሁለት ሰዎች ደግፈው አስገቧቸው፤ ይታይሽ በትራቸውን ይዛ ተከተለች። ወረቀት አልነበረም። የታረመ ደብተር አልነበረም። ያበጡ እግሮችና የተከፈተ አፍ ብቻ ነበር። እኔ በዚያ ቀን ከወይራው ሥር ቆሜ ነበር፤ የራሴን ንስሐ ገና አልጨረስሁምና። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ዐረፉ።

አያ ቢያድግልኝ፣ ከእርስዎ በኋላ በዚህ አውራጃ ማንን እንዳስቀየምሁ የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ማታ ማታ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ድምፁ ግን የእርስዎ አይደለም። የመስታወቱን ወረቀት ከግድግዳዬ አውርጃለሁ፤ በቦታው የሰቀልሁት ነገር የለም። ወደ መምሬ ይኸይስ መሄድ ጀምሬአለሁ፤ ባዶ እጅ ይዞ መሄድ ለእንደኔ ያለ ሰው ከባድ ነው፤ ቀስ እያልሁ ነው። ልጅዎ ለአርባዎ መጥቶ ነበር፤ ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ ዋለ። እግዚአብሔር በማያልፍ ዕረፍት ያሳርፍዎ። እርስዎ ሳያዩት ያለፉትን ውሳኔ እኔ ስለተቀበልሁልዎ ቃሉን እንዳለ ላንብብልዎ፦ «በአቶ ቢያድግልኝ እንግዳ ስም ተመዝግቦ የቆየው፣ በምሥራቅ በኩል ያለው መሬት የወይዘሮ ይታይሽ ይዞታ መሆኑ በወሰን ድንጋዮቹና የቀድሞው ቀያሽ ስህተታቸውን አምነው በሰጡት ቃል ስለተረጋገጠ፣ የሁለቱም ደብተር እንዲታረም፣ የቀያሹም ጥፋት በማኅደራቸው እንዲያያዝ ዛሬ ሰኔ ሦስት ቀን ተወስኗል።»