ካዝና ነቅሎ መግባት

በእኛ አገር ጠመንጃ የሚጠራው በሚጎርሰው ልክ ነው። አምስት ጎራሽ፣ አስር ጎራሽ፣ ሠላሳ ጎራሽ ይባላል። ልጅ ሆኜ ጠመንጃ እህል የሚበላ ነገር ይመስለኝ ነበር። የሚጎርስበት ሆዱ ካዝና እንደሚባል፣ ካዝናው ውስጥም ጥይቱን ወደ ላይ የሚገፋ ሞላ እንዳለ ያወቅሁት አባቴ ጠመንጃውን ሲወለውል አጠገቡ እየተቀመጥሁ ነው።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የቴክኖሎጂ መምህራችን እያንዳንዳችን በዘመናት ውስጥ ቅርጹ እየተለወጠ የመጣ አንድ ዕቃ መርጠን ታሪኩን እንድናቀርብ አዘዘን። ጓደኞቼ ስልክ፣ ሰዓት፣ የውሃ ፓምፕ መረጡ። እኔ የማውቀውን ልሥራ ብዬ የጠመንጃ ካዝና አልሁ። መምህሩ ቀና ብሎ አየኝና ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ከቆቦ ስለው፣ እንግዲያው ይሁንልህ አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ በደንብ ልሠራው ግን ቆርጬ ነበር።

ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሳነብ ያገኘሁት ነገር ገረመኝ። መጀመሪያ ጠመንጃ አንድ ብቻ ጎራሽ ነበር፤ የድሮ ሰዎች ውጅግራ እንደሚሉት ያለ። ቀጥሎ አንዱ በበርሜሉ ሥር ረጅም ቱቦ ሠራና ጥይቶቹን አንዱን ከአንዱ ኋላ ደረደረ። ችግሩ የኋለኛው ጥይት ጫፍ የፊተኛውን ቂጥ እየነካ መቀመጡ ነው፤ ጫፉ ሹል ከሆነ እዚያው ቱቦው ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። ሌላው አምስቱን ጥይት በቆርቆሮ አቅፎ እንዳለ የሚያጎርስ ሠራ፤ የመጨረሻው ጥይት ሲገባ ባዶው ቆርቆሮ በሥር በኩል ይወድቃል። ሌላው ደግሞ ጥይቶቹን ግራና ቀኝ አዛንፎ በማስቀመጥ ካዝናው ከጠመንጃው ሆድ ሳይወጣ እንዲያጥር አደረገ። እንደ ድስት ክብ የሆነም አለ፤ ብዙ ይይዛል፣ ግን ይከብዳል። እኛ ዘንድ ሁሉም የሚያውቀው የክላሽ ካዝና የጎበጠው ደግሞ ለውበት አይደለም። የጥይቱ ቀለህ ወደ ጫፉ ስለሚቀጥን ሲደራረብ ራሱ ይጎብጣል፤ ሠሪው የጥይቱን ጠባይ ተከተለ እንጂ አልተጠበበበትም።

ከሁሉም የሚበልጠው ፈጠራ ግን ካዝናው ተነቅሎ የሚወጣ መሆኑ ነው ብዬ ጻፍሁ። ከሥሩም አንድ ነገር ጨመርሁ፦ አንዳንድ ሽጉጦች ካዝናቸው ሲወጣ ቃታቸው እንዳይሠራ ተደርገው ተሠርተዋል፤ ክላሽ ግን እንዲህ አይደለም፤ አንድ ጥይት በርሜሉ ውስጥ ከቀረ ካዝናው ባይኖርም ይተኩሳል። ይህን ስጽፍ ስለ ፈተና ነጥብ እንጂ ስለ ሰው አላሰብሁም።

በዚያው ሰሞን አባቴ ደወለልኝ። የእርቁ ቀን ተቆርጧል፣ ና አለኝ።

እርቁ የታላቅ ወንድሜ ነው። በራያ ሜዳ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈን ነው ማሳ የምናጠጣው፤ አንዱ ቦዩን ከዘጋ የሌላው ማሽላ ይደርቃል። ከዓመታት በፊት ወንድሜ በዚህ ውሃ ምክንያት ከዋጃ በኩል ካሉ ሰዎች ጋር ተጣልቶ አንድ ሰው ገደለ። ታሰረ፤ ፍርዱንም ጨርሶ ወጣ። ደሙ ግን በፍርድ ቤት አላለቀም። ቆቦ ገበያ አይወጣም፤ ማሳ አይወርድም፤ ገና በጉልምስናው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ጸጉሩ ሸበተ። የሟቹ ታናሽ ወንድም በሕይወት አለ። ሰውየው ዝቶ አያውቅም፤ ሰው ልኮም አያውቅም። አባቴን እንቅልፍ የሚነሳው ይህ ዝምታው ነበር።

ስደርስ ማሽላው ከሰው ቁመት በልጦ እሸት ይዟል። በዚህ ወቅት በእኛ ሜዳ ጥቂት እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቶ የቆመ ሰው ከመንገድ አይታይም። ዘወልድ የምንላቸው አስታራቂ ሽማግሌዎች የቸኮሉት ለዚህ ነው። ዳሱ ከሁለቱ ወገን መንደር መሐል፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ተሠራ። የሚያልፈው የጭነት መኪና ድምፅ ይሰማል፤ ሰው ግን ከማሽላው በቀር የሚያየው የለም።

እርቅ ሲኬድ ጠመንጃ ማስረከብ በእኛ ዘንድ የለም፤ ማስረከብ መማረክ ነው። ሰው ጠመንጃውን እንዳነገተ ይገባል፤ ጉርሻው ብቻ ከደጅ ይቀራል። ጠመንጃ አንድ ጎራሽ በነበረ ጊዜ እንግዳው ደጃፍ ላይ ከፍቶ ባዶነቱን ያሳይ ነበር አሉ። አምስት ጎራሹ ሲመጣ ጥይቱን አንድ በአንድ እያወጣ በጋቢው ጫፍ ይቋጥራል፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ሁሉም ቆሞ ያያል። ክላሽ ሲመጣ ነገሩ ቀለለ። ካዝናውን ነቅሎ መስጠት በቃ። የሚያየውም ሰው ቀረ።

ካዝና ተቀባይ እንዲሆን ከሁለቱም ወገን መሣሪያ የማይዝ አንድ አንድ ሰው ተመረጠ። የእነሱን እኔ፣ የእኛን ደግሞ የሟቹ እህት። እሷ በዳሱ ግራ፣ እኔ በቀኝ፣ እያንዳንዳችን ባዶ ማዳበሪያ ይዘን ቆምን። አንድ ሽማግሌ ካዝናውን ሲሰጠኝ፣ «ተማሪው፣ ደረሰኝ የለህም?» አለኝ። ከኋላው ያሉት ሳቁ። ብዙዎቹ ካዝናውን ከነቀሉ በኋላ፣ ሳልጠይቃቸው ማቀባበያውን አንዴ ወደ ኋላ ስበው ባዶውን ያሳዩኛል። የማይስቡ አንድ ሁለት ሽማግሌዎችም ነበሩ፤ ለእነሱ እኔው «አባባ፣ ይሳቡት» እላለሁ፤ እነሱም ይስባሉ።

የሟቹ ወንድም መጨረሻ ላይ መጣ። ቀጭን ነው፤ ነጠላውን አጣፍቶ ለብሷል። ካዝናውን በሁለት እጁ ይዞ ሰጠኝ።

«ትምህርት እንዴት ነው፣ ወንድሜ?»

ደህና ነው አልሁት። ማቀባበያውን አልሳበም። ሳብ ልለው አፌን ከፈትሁና ተውሁት። ለሌላው ማስታወሻ የሆነው ነገር ለእሱ ክስ ነው። ለእርቅ በመጣ ሰው ላይ «ጥይት ደብቀሃል» ማለት ሌላ ደም ነው፤ ባዶ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ እርቁን ያፈረስነው እኛ እንሆናለን። እሱ ፈገግ ብሎ አልፎኝ ገባ።

ወንድሜ ዳሱ መሐል እንደ ሥርዓቱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ተንበርክኳል። ሰውየው ፊት ለፊቱ ተቀመጠና ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋደመው። አፈሙዙ ወደ ማንም አልዞረም። ቢሆንም እኔ ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ።

ማዳበሪያውን ጥዬ በዳሱ ጀርባ ዞርሁና ከዘወልዶቹ ከታላቁ ሽማግሌ ኋላ ጎንበስ ብዬ ያየሁትን በጆሯቸው ነገርኋቸው። ሽማግሌው ፊታቸውን አላዞሩም። መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ቀስ ብለው፣ «አንተም?» አሉ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ሂድ የሚል ምልክት ስለሰጡኝ ወደ ቦታዬ ተመለስሁ።

ጥቂት ቆይተው ተነሡ። ዱዓው ከመደረጉ በፊት መሣሪያ የያዘ ሁሉ ውጭ ወጥቶ እንዲሰለፍ ጠየቁ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ ሌላውም ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ሽማግሌው በረጋ ድምፅ፣ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጎ ሁሉም አንድ ጊዜ ቃታ ይሳብ፣ ብረቱም ከእኛ ጋር እርቅ ይውረድ አሉ። እምቢ ለማለት የሚያበቃ ምክንያት ለማንም አልሰጡም።

የእነሱ ሰልፍ በአንድ በኩል፣ የእኛ በሌላ በኩል ቆመ። የሟቹን ወንድም ብቻ ነበር የማየው። ቃታዎቹ ቀጭ ቀጭ እያሉ ደረቅ አገዳ እንደሚሰበር ይሰሙ ጀመር። እሱ ጋ ሲደርስ ጠመንጃው ጮኸ።

ትንፋሼን ሳልመልስ ከጀርባዬ ሌላ ተኩስ ጮኸ።

ከማሽላው የግሪሳ ወፍ መንጋ ተነሥቶ ሰማዩን አጠቆረው። ዞር ስል አፈሙዙ ወደ ላይ እንደሆነ፣ ዓይኑ መሬት መሬት እያየ የቆመው አባቴ ነው።

መጀመሪያ የሟቹ ወንድም፣ «ረስቼው ነው» አለ።

«እኔም ረስቼው ነው» አለ አባቴ።

ያ ስለ ደረሰኝ የጠየቀኝ ሽማግሌ፣ «በአንድ ዳስ ሁለት ረሺ! እንኳን እዚሁ ትዝ አላችሁ» አለ። በዚህኛው ግን የሳቀ የለም።

ታላቁ ሽማግሌ ማን፣ ለምን ብለው አልጠየቁም። «አሁን ባዶ ነው። ግቡ» ብቻ አሉ።

ገባን። እስላሙም ክርስቲያኑም ነበርና ዱዓ ተደረገ፤ ቄስም ባረኩ። በሬው ታረደ። የሟቹ ወንድም ተነሥቶ ድንጋዩን ከወንድሜ ትከሻ ላይ በገዛ እጁ አነሣ፤ ደም እንደማይፈልግ ማለ። ድንጋዩን ካስቀመጠ በኋላ እጁን መልሶ በወንድሜ ማጅራት ላይ አኖራት። እዚያው ትንሽ ቆየች። ሰዉ እልል አለ። እኔ ግን ያቺ እጅ እስክትነሣ ድረስ አብሬ ማለት አልቻልሁም።

ስንለያይ ካዝናዎቹን መለስን። የሟቹ እህት ከማዳበሪያዋ የመጨረሻውን አውጥታ ለአባቴ ከሰጠች በኋላ ወደ እኔ ቀረብ አለች።

«እኔ ያባትህን ነው ያየሁት» አለችኝ፤ «ማቀባበያውን አልሳበም። ለሽማግሌው በጆሯቸው ነገርኋቸው።»

ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። የደከማት ትመስል ነበር። እኔም የወንድሟን እንዳየሁ ነገርኋት። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወገኖቿ ጠሯትና ሄደች።

እኛ በአንዱ የማሽላ መንገድ፣ እነሱ በሌላው ወጣን። ወንድሜ ባዶ እጁን ከፊት ይሄዳል፤ አባቴ ከኋላው፣ እኔ መጨረሻ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ እንዳለፍን አባቴ ቆመና ካዝናውን ሰካ። ማቀባበያውን ስቦ ለቀቀ። ያ የብረት ድምፅ ገና ከጆሯችን ሳይወጣ፣ ከማሽላው ወዲያ ማዶ ሌላ ማቀባበያ ተስቦ ሲለቀቅ ሰማን።

ወንድሜ ቆመ። ወደ ኋላ አልዞረም።

«አባዬ» አለ፣ «ነገ ማሳ ወርጄ ወፍ እጠብቃለሁ። ብቻዬን።»

ወንድሜም መልስ ሳይጠብቅ ጉዞውን ቀጠለ።

በማግስቱ ጠዋት እውነትም ወንጭፉን ይዞ ወረደ። ማሳችን ከቤት አይታይም፤ ማማው ላይ ሆኖ ወፍ ሲያባርር ግን ድምፁ ይሰማል። እናቴ እህል እያበጠረች ነበር። ድምፁ ሲቋረጥ ሰፌዱን ትይዘዋለች፤ ሲመለስ ማበጠሯን ትቀጥላለች። አባቴ ደጅ ላይ ቆሟል፤ ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው። እኔ ወደ ቆቦ የሚወስደኝ ባጃጅ መንገዱ ላይ ሲጠብቀኝ፣ ልሰናበት ብዬ ወጣሁና ወንድሜ ዝም ባለበት ሰዓት መሆኑን አስተዋልሁ። ባለ ባጃጁ ጡሩንባ ነፋ። ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀምጬ ቆየሁ። ሁለተኛም ነፋ። ከማሽላው መሐል ወንድሜ እንደገና ሲጮህ ሰማሁና ያኔ ተሳፈርሁ።